"ኧረ በናትሽ!" ብዬ ሳቅኩባት

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን የምታነበው እናቴ ናት፤ እኔ ከእሷ ስልክ ላይ እየሰረቅኩ ነው የማነበው። አሁንም የምጽፍልዎት እሷ ገበያ ወጥታ ነው። 18 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ደሴ ነው። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በተፈጥሮ ሳይንስ ወስጃለሁ።

ጓደኛ አለችኝ። ስሟን ሐያት ልበላት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። እሷ ባዮሎጂ ትችላለች፣ እኔ ማትስ። እሷ ታስጠናኛለች፣ እኔም አስጠናታለሁ። ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ስንገባም እግዜር ረድቶን አንድ ዶርም ደረሰን።

ማትስ የተፈተንን ቀን ማታ ስምንት ሴቶች ሆነን አልጋ ላይ ተሰበሰብን። መጀመሪያ "14 ሲ ነው"፣ "አይ፣ ቢ ነው" ስንባባል ቆየን። በኋላ የወረቀታችን ኮድ፣ የጥያቄዎቹም ቅደም ተከተል የተለያየ መሆኑ ትዝ ሲለን ሳቅን። ከዚያ ጥያቄውን ራሱን እያስታወስን ቀጠልን። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትሞላለች። ክፍል ውስጥ "ቀለሜዋ" ስለሚሉኝ ሁሉም መልሱን የሚጠብቁት ከእኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

አንዱ ጥያቄ ሊሚት ነበር። ከላይ ስኩዌር ሩት ውስጥ 4 ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1፣ ከታች ኤክስ። ኤክስ ወደ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ሲሄድ ስንት ይሆናል ነው የሚለው። እኔ 2 አልኩ። ሐያት ቀስ ብላ "ኔጌቲቭ 2 አይደለም እንዴ?" አለች። "ኧረ በናትሽ! ስኩዌር ሩት ኔጌቲቭ ይሆናል እንዴ?" ብዬ ሳቅኩ። ሌሎቹም ሳቁ። "አይ፣ ከታች ያለው እኮ…" ብላ ስትጀምር የብስኩት ካርቶን ቀድጄ በእስክሪብቶ ሠርቼ አሳየኋት። ዝም አለች። ከዚያ በኋላም በሁለት ጥያቄዎች ተለያየን፤ በሁለቱም እኔ አሸነፍኩ። ሐያት በጣቷ ስትቆጥር ቆየችና "እኔ አለቀልኝ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሌሊቱን ስታለቅስ ሰማኋት። በነጋታው ፊዚክስ ላይ ጭንቅላቷን ይዛ ዴስኩ ላይ ተደፍታ እንደነበር አጠገቧ የተፈተነችው ልጅ ነገረችኝ።

ከተመለስን ጀምሮ ስልኬን አታነሳም። እናቷ መንገድ ላይ እናቴን አግኝተው "ልጄ ደህና ሄዳ ታማ ተመለሰች" አሏት።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ይዞን ቤት ስንውል ያንን ጥያቄ እንደገና ሠራሁት። ኔጌቲቭ 2 ነው። ልክ የነበረችው ሐያት ናት።

ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ራት በቀረበ ቁጥር "ስንት ይመጣልሻል?" ይለኛል። ደብተሬ ጀርባ ላይ ልክ የሆኑትን እቆጥራለሁ። መጀመሪያ የቆጠርኩ ቀን ማትስ 44 ነበር፤ ትናንት 37 ሆነ።

ልንገራት? ብነግራት "ፊዚክሱን ያበላሸሽብኝ አንቺ ነሽ" ብትለኝስ? ወይስ ውጤት እስኪመጣ ዝም ልበል? ጥሩ ካመጣች ሁሉም ይረሳ ይሆናል።

ቀለሜዋ ነኝ፣ ከደሴ

*

ቀለሜዋ እህቴ፣

ደብዳቤሽን እንደጨረስኩ መጀመሪያ ያነሳሁት እርሳስ ነው። ግን ማትስ ከተውኩ ስንት ዘመኔ! ስለዚህ ለከርሞ 12ኛ ክፍል የሚገባውን የእህቴን ልጅ ጠርቼ "እስቲ ይቺን ሥራልኝ" አልኩት። ቆሎውን እየቆረጠመ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው "2" አለኝ። ተነስቶ ሊሄድ ሲል "ኤክስን ኔጌቲቭ 100 አድርገህ ሞክረው" አልኩት። ከተማርኩት ማትስ የቀረችኝ ብልሃት ይቺ ብቻ ናት፤ ስትጠራጠር ቁጥር አስገባ። ሩቱ ውስጥ 40,001 መጣለት። ሩቱ ሲወጣ 200 ከምናምን። ያንን ለኔጌቲቭ 100 ሲያካፍል ኔጌቲቭ 2 ገደማ መጣለት፤ መቆርጠሙን አቆመ።

እንግዲህ የወደቅሽበት ጉድጓድ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ፈተና አውጪም 2ን ከምርጫዎቹ መሀል የሚያስቀምጠው ፈጥኖ ለሚሠራ ጎበዝ ብሎ ነው። በዚህ በኩል ጥፋት የለብሽም። ተሳሳትሽ፣ አለቀ።

ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ንገሪያት። ደግሞ ውጤት ሳይመጣ ንገሪያት።

ለምን እንደማስቸኩልሽ ልንገርሽ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውጤት የመጣው ጳጉሜን ወይም መስከረም ላይ ነው። ያ ቀን ካለፈ ይህ ወሬ ሌላ ወሬ ይሆናል። ሐያት ጥሩ ካመጣች "ተይው ባክሽ፣ አለፈ እኮ" ትልሻለች፤ የዚያ ማታው ነገር ግን እንዳለ ይቀመጣል። ካልመጣላት ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው የሚሆንባት። "ልክ ነበርሽ" የሚለው ቃል ያኔ ምን ያደርግላታል? ዛሬ ግን ሁለታችሁም ምንም አታውቁም። እኩል ናችሁ። እኩል በሆናችሁበት ሰዓት የሚነገር ነገር ሰው ጆሮ ይገባል።

አሁን ትንሽ የሚከብደውን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። "ሳቅኩ" ትያለሽ፤ ከዚያ ቶሎ ብለሽ ወደ ብስኩት ካርቶኑ ታልፊያለሽ። ቀሪውን ደብዳቤ የሞላሽው በሊሚቱ ነው። እኔ ሐያትን አላውቃትም። ግን ያን ሌሊት ያስለቀሳት የኔጌቲቭና የፖዚቲቭ ነገር ብቻ አይመስለኝም። አራት ዓመት አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ በስድስት ሰው ፊት ስትስቅባት፣ መልሷን ብቻ አይደለም የምትጠራጠረው። "ለካ እስከዛሬም እንዲህ ነው የምታየኝ" ማለት ይመጣል።

ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ይቅርታ የምትጠይቂበትን ነገር ለይተሽ እንድትይዢው ነው። "ጥያቄውን ስለተሳሳትኩ ይቅርታ" ብትያት ግራ ነው የሚገባት፤ ማንም ይሳሳታል። "በሰው ፊት ስለሳቅኩብሽ" ስትያት ግን የቱን እንደምትይ ወዲያው ታውቀዋለች።

አንቺንም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ማታ አንቺስ ፈርተሽ አልነበረም? "ደስ ብሎኝ ነበር" ብለሽ መጻፍሽን ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ሰው ይደብቀው ነበር። ግን እርግጠኛ የሆነ ሰው ካርቶን አይቀድም። እኔ የሚመስለኝ፣ አንቺም እንደ ሌሎቹ "ደህና ነኝ" የሚልሽ ሰው እየፈለግሽ ነበር፤ ስድስት ራስ ሲነቀነቅልሽ ያን አገኘሽ። የሐያት "ኔጌቲቭ 2 አይደለም እንዴ?" ያንን ሊወስድብሽ መጣ። እንዲህ ሲሆን ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኔም አድርጌው አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ ባይሆንም።

ደግሞ ማታውን እንዲያ ያደረገው የእናንተ ጠባይ ብቻ አይደለም። እኛ ማትሪክ ስንፈተን ከአዳራሽ ወጥተን ቤታችን ነበር የምንገባው። ሽሮ ይቀርባል፣ ታናናሾች ይረብሻሉ፣ ውሃ ቅጂ ትባያለሽ፣ ነገሩ በግድ ይረሳል። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንዳለ ተሰርዞ እንደገና ሲሰጥ ታላላቆችሽ ያስታውሳሉ። ስርቆትና ኩረጃው መደጋገሙ ነው ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያስገባው። ለኩረጃው መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። ግን እስቲ ማታውን አስቢው። ስልክ አይፈቀድም። እናት የለችም። ብዙዎቻችሁ ከቤት ውጪ ስታድሩ የመጀመሪያችሁ ነው። ያለው ስምንት አልጋና አንድ ወሬ ነው።

ቁጥሩም ያስፈራል፤ አያስፈራም ብዬ አልዋሽሽም። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። በመጨረሻው እንኳ ብናሰላው ከስምንት ሰው አንድ አይሞላም። እናንተም ይህን ሳታውቁት አልጋው ላይ አልተቀመጣችሁም። እርግጥ አማካይ የሚባል ነገር ስለዚያች ዶርም ምንም አያውቅም፤ ስምንታችሁም ልታልፉ ትችላላችሁ። ግን ፍርሃት ባለበት ክፍል የአንዷ መልስ የሌላዋ መውደቂያ ይመስላል። አንዷ ልክ ከሆነች ሌላዋ መሳሳቷ ነው። በየትኛውም ሌላ ማታ "ያንቺን አሠራር እስቲ አሳዪኝ" ትያት ነበር። አራት ዓመት ስታጠኑ እንዲያ አልነበር?

እስቲ ትንሽ ላሳርፍሽ። እኔና ጓደኛዬ ማትሪክ ማትስ ተፈትነን እንደወጣን ግቢው አጥር ሥር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አመሳከርን። የሚገርም ነው፤ መልሳችን እንዳለ ገጠመ! አንድም ልዩነት የለም። ተቃቅፈን ዘለልን፣ በቀረን ሳንቲም ፓስቲ ገዝተን እየበላን ሄድን። ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንም ዲ። ለካ ማትስን ያስጠናን አንድ ጎረምሳ ጎረቤት ነበር፤ የተማርነውም አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ፓስቲዋ ግን ትጣፍጥ ነበር።

አሁን ወደ ደብተርሽ ጀርባ እንሂድ። 44 የነበረው 37 ሆነ አልሽ። በዚህ መሀል መልስ ወረቀትሽ ላይ የጠቆረው ክብ አንድም አልተነካም። የምትቆጥሪው እንግዲህ ምኑን ነው? ዝናብ የዋለበት ቀን ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ፀሐይ የወጣ ቀን ይጨምራል። ላም አለኝ በሰማይ ይሉታል ይህን፤ አንቺ ላሟን በየቀኑ እያለብሽ ወተቱ አነሰ ብለሽ ትጨነቂያለሽ። ያንን ገጽ ቀደሽ አውጪው። ደብተሩን አላልኩም፣ ገጹን ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጥያቄ ወረቀቱ ተሰብስቦ ሄዷል። ዝናብ የያዘሽ ቀን የሠራሽው ጥያቄ ከስምንት ሰው ትዝታ የተገጣጠመ ነው። "ወደ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ" የሚለውን በዓይንሽ ማየትሽን ታስታውሻለሽ? ወይስ ሐያት ስላለች ነው? ምናልባት በደንብ ታስታውሺዋለሽ። ምናልባት ደግሞ አታስታውሺውም። ስለዚህ ለሐያት ስትነግሪያት "እንዳስታወስነው ከሆነ" የምትለዋን አትርሺ። አንድ ጊዜ ያለ ልክ እርግጠኛ ሆነሽባት ነበር፤ አሁን በተቃራኒው ያንኑ አትድገሚባት።

"በሁለቱም አሸነፍኩ" ያልሻቸውን ሁለት ጥያቄዎችስ መልሰሽ ሠርተሻቸዋል? ካልሠራሽ አትሥሪያቸው። ቴሌግራም ላይ "የዘንድሮ ማትስ ሙሉ መልስ" እያሉ የሚለቁትንም ተያቸው። የየትኛው ኮድ እንደሆነ እንኳ አይነግሩሽም።

ፊዚክሱ ግን ይከብዳል። እሱን በቀላሉ "የአንቺ ጥፋት አይደለም" ብዬ አላልፈውም፤ ብልሽ አታምኚኝም። ማታ በሰው ፊት የተሳቀባት፣ ሌሊቱን ያልተኛች ልጅ በማግስቱ ፈተና ላይ ብትደፋ የሚገርም አይደለም። በዚያ ላይ ምን ያህል እንደተበላሸባት ግን ከሰው ነው የሰማሽው። አንቺም ሐያትም አታውቁትም። ቀድማም ፊዚክስን ትፈራው ይሆናል፣ ራሷንም አሟት ይሆናል። ስለዚህ በልክ ተሸከሚው። የአንድ ማታ ክፋት ሠርተሻል፤ የአንድ ሰው ዕድሜ አላበላሸሽም።

እንዴት እንደምትነግሪያት ደግሞ እንነጋገር። ስልክ ስላላነሳች መልእክት መላክ ያምርሽ ይሆናል። አትላኪ። ጽፈሽ ከላክሽው በኋላ መልስ እስኪመጣ ስልክሽን ስታዪ ትውያለሽ፤ እሷም አንብባ ዝም ትልሻለች፤ ከዚያ ሁለታችሁም ትብሳላችሁ። እግር አለሽ፣ ቤቷን ታውቂዋለሽ። ሂጂ።

ከመሄድሽ በፊት ግን እናትሽን አናግሪ። ይህን ዓምድ ታነባለች ብለሻል እኮ! ከ18 ዓመት ልጅ፣ ከደሴ፣ ከማትስ ተነስታ ልጇን ለማወቅ ብዙ አይቸግራትም። ከእኔ ከምትሰማው ከአንቺ ብትሰማው ይሻላል። ደግሞ ትጠቅምሻለች። እናት ለእናት "ልጄ ልታናግራት ትፈልጋለች፣ ብትመጣ ምን ይመስልሻል?" ብላ ብትጠይቅ በሩ ግማሽ ተከፈተ ማለት ነው።

ስትደርሺ እናቷ ናቸው የሚከፍቱልሽ እንበል። ፊታቸው ቢከብድ አትደንግጪ፤ ልጃቸው ታማባቸዋለች። ሰላም በያቸው። ቡና ከቀረበ ቁጭ ብለሽ ጠጪ። እሳቸው ፊት ግን ነገሩን አታንሺው። ሐያት እናቷ ፊት "ምንም አይደለም" ማለቷ አይቀርም፤ ያ ደግሞ ይቅርታ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። "ትንሽ ወጣ እንበል" በያት። ወደ ፒያሳም ይሁን ወደ ቧንቧ ውሃ፣ በእግር ሂዱ። ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ዓይን ለዓይን መተያየት የለበትም፤ ለእንዲህ ያለ ወሬ ይህ ይመቻል። ክረምት ነው፣ ለሁለት አንድ ጃንጥላ ይበቃችኋል።

ቃሉን አትሸምድጂው። እኔ ብሆን ግን እንዲህ እል ነበር፦ "ሐያት፣ ያን ማታ በልጆቹ ፊት ሳቅኩብሽ። ልታስረጂኝ ስትይ አላስጨረስኩሽም። በኋላ ስሠራው፣ እንዳስታወስነው ከሆነ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ግን ልክ ባትሆኚም መሳቅ አልነበረብኝም።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። እሷን ከዘለልሽ፣ የተሳሳተ ሰው ቢሆን ይሳቅበት ነበር እንደማለት ይሆንብሻል።

ከዚያ ዝም በይ። ይህ ለአንቺ ከባዱ ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

"ፊዚክሱን ያበላሸሽብኝ አንቺ ነሽ" ብትልሽስ? ልትልሽ ትችላለች። "እኔም ስለፈራሁ ነው"፣ "አንቺም እኮ ቶሎ ታለቅሻለሽ" የሚሉት ሁሉ አፍሽ ላይ ይመጣሉ። ዋጪያቸው። "ያን ማታ እንዳትተኚ አድርጌሻለሁ፤ አውቃለሁ" ብለሽ እዚያው ቁሚ። ብትቆጣ ቁጣው ይውጣላት። ዝም ብላሽ ወደ ቤቷ ብትመለስም አትከተያት፣ በማግስቱም አትደውዪ። ነግረሻታል። ሰው ይቅር ለማለት ጊዜ መውሰድ መብቱ ነው፤ ሳምንትም ይሁን ወር። ይቅር ላትልሽም ትችላለች። ይህንን አውቀሽ ነው የምትሄጂው።

ስድስቱ ልጆችስ? እኔም እዚህ ላይ ሁለት ልብ ሆኛለሁ። በሰው ፊት የተሳቀባት ልጅ ስሟ በሰው ፊት ቢስተካከልላት ደስ ይላል። በአንድ መስመር "ልጆች፣ ያቺ ሊሚት ላይ ልክ የነበረችው ሐያት ናት" ብትያቸው ያልቃል። ግን ከመሀላቸው 2 ብላ ያጠቆረች ትኖር ይሆናል። እሷንስ ውጤት እስኪመጣ እንቅልፍ እንንሳት? ለሐያት ተዪላት። "ለልጆቹ ልንገራቸው ወይስ ይቅር?" ብለሽ ጠይቂያት። የምትመርጠው ራሷ ትሁን።

የአባትሽን ነገር ሳልረሳ። "ስንት ይመጣልሻል?" ሲልሽ ፈተና እየፈተነሽ ይመስልሻል። እሱም ፈርቶ ነው፤ አንቺ ከልጆቹ ጋር መልስ እንዳመሳከርሽው ከአንቺ ጋር እያመሳከረ ነው። ቁጥር አትስጪው። ዛሬ 44 ካልሽው ነገ ለጎረቤት ይነግራል፣ ከነገ ወዲያ ያ ቁጥር ዕዳ ይሆንብሻል። ራት ሳይቀርብ አንድ ቀን አስቀምጠሽ "አባባ፣ ቁጥሩን አላውቀውም። የቻልኩትን ሠርቻለሁ። 50 በመቶ ካለፈ እሰየው፤ ካላለፈ ምን እንደምናደርግ አሁን እንነጋገር" በይው። ባለፉት ዓመታት 50 ሳይሞላላቸው ነጥባቸው የተሻለ የሆነ ብዙ ልጆች በሬሜዲያል፣ በማካካሻው ትምህርት ማለቴ ነው፣ ገብተው ተምረዋል። ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወሰን ከአሁኑ ይህን ያህል ነው ብሎ መያዝ አይቻልም። በግል መልሶ መፈተንም አለ፣ ሙያም አለ። ይህንን አንድ ማታ ከተነጋገራችሁ የየቀኑ ጥያቄ ይቀንሳል። ጨርሶ ይቀራል አልልሽም፤ አባት ነው።

ለከርሞ ተፈታኞችም አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ የእህቴ ልጅ ከእነሱ አንዱ ነውና። ዶርም እንደገባችሁ በመጀመሪያው ማታ ተስማሙ፤ ሁሉም ፈተና እስኪያልቅ ያለፈውን የሚያነሳ የለም በሉ። አንዷ ካነሳች "ነገ ምንድን ነው የምንፈተነው?" ብላችሁ ወሬውን አዙሩት። የማይሆንላት ካለች ፎጣዋን ይዛ ልትታጠብ ትውጣ። እኔ ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው "እሺ" አለኝ። የሚያደርገው አይመስለኝም።

አንቺ ግን ወደ ሐያት ስትሄጂ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ አትሂጂ። ኔጌቲቭ 100 ምናምን እያልሽም አታስረጂያት፤ ያን የእኔን ብልሃት ለራስሽ ያዢው። ማውራት ከጀመራችሁና ፊቷ ከተፈታ፣ ያኔ አንድ ነገር ጠይቂያት። ያን ማታ "አይ፣ ከታች ያለው እኮ…" ብላ ጀምራ ነበር። ምን ልትል እንደነበር ጠይቂያትና እስክትጨርስ ስሚያት።